ከመቁጠር ወደ ማቃለል፦ በቀጠሮ ቀዶ ሕክምና የሚጠብቁ የሰሜን ሸዋ ደጋ ታካሚዎች ጭንቀት

በቀጠሮ ቀዶ ሕክምና ከሚደረግላቸው ኢትዮጵያውያን ታካሚዎች መካከል ከግማሽ የሚበልጡት በከፍተኛ ጭንቀት ውስጥ ሆነው ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል እንደሚገቡ ያመለከቱ የአገር ውስጥ ጥናቶች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው የጅማ ዩኒቨርሲቲ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ጥናት መጠኑን 70.3 በመቶ አድርሶታል። በደብረ ማርቆስና በፈለገ ሕይወት ሪፈራል ሆስፒታሎች ተካሂዶ በ2018 የታተመው ደግሞ 61 በመቶ ብሎታል። ከዚያ ወዲህም በየሆስፒታሉ ተመሳሳይ ቆጠራ ቀጥሏል። የዚህ ጽሑፍ አቋም ቆጠራው በቂ ነው የሚል ነው። ችግሩ መኖሩ ታውቋል፤ የቀረው ማቃለሉ ነው። ማቃለያውም በዋናነት መድኃኒት አይደለም። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ባለው ምሽት ከታካሚው ጋር የሚደረግ፣ ኃላፊ የተመደበለትና በሕክምና መዝገብ ላይ የሚሰፍር ውይይት ነው።

ጭንቀት «የሆድ ነገር ነው፤ ያልፋል» ተብሎ የሚተው ጉዳይ አይደለም። የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። በጠዋቱ የተለካ ከፍተኛ የደም ግፊት ደግሞ ቀዶ ሕክምናው እንዲተላለፍ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ከፍተኛ ጭንቀት ያለበት ታካሚ ብዙ ጊዜ የበለጠ ማደንዘዣ ይፈልጋል፤ ከነቃ በኋላም ሕመሙ ይበረታበታል። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለው ብሂል እንቅርቱን ሊያስወጣ መጥቶ በፍርሃት ለሚታመመው ሰው ቃል በቃል ይሠራል።

የደገኛው ጭንቀት ምንጮች

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ የታካሚው ጭንቀት የሚጀምረው ከቤቱ ነው። በመሐል ሜዳ ሆስፒታል ወይም በዓለም ከተማው እናት ሆስፒታል የሚጠናቀቅ ሕክምና አለ። ጉዳዩ ከፍ ያለ ሙያ ሲጠይቅ ግን ጉዞው ወደ ደብረ ብርሃን ወይም ወደ አዲስ አበባ ይሆናል። ከራቤል ወይም ከሞላሌ የተነሣ ገበሬ ለመንገዱ በግ ሸጦ፣ ከብቱን ለጎረቤት አደራ ሰጥቶ ነው የሚመጣው። ባለፉት ዓመታት በክልሉ የቀጠለው ግጭት ደግሞ መንገዱን ራሱን የሥጋት ምንጭ አድርጎታል። ስለዚህ ቀጠሮው ሲተላለፍ የሚጠፋበት አንድ ቀን ብቻ አይደለም። ስንቁ ያልቃል፤ አስታማሚው ወደ አዝመራው መመለስ ይኖርበታል። «ነገ ይደረግልኝ ይሆን?» የሚለው ጥያቄ «እሞት ይሆን?» ከሚለው ባልተናነሰ እንቅልፍ ይነሣል።

ሁለተኛው ምንጭ ሰመመን ነው። ብዙ ታካሚ የሚፈራው ቢላዋውን ብቻ አይደለም። ተኝቶ አለመንቃትን፣ ወይም በመካከል ነቅቶ መሰቃየትን ይፈራል። የእንቅርት ታካሚ ደግሞ በአንገት ላይ የሚያርፍ ስለት ድምፅን ይወስዳል ብሎ ይሠጋል። ይህ ሥጋት መሠረተ ቢስ አይደለም፤ የድምፅ ነርቭ መጎዳት የታወቀ፣ ግን ብዙ ጊዜ የማይደርስ ጉዳት ነው። በልኩ ቢነገረው በልኩ ይፈራል፤ ካልተነገረው ግን ፍርሃቱ ወሰን አይኖረውም።

ሦስተኛው ምንጭ የራሳችን አሠራር ነው። የስምምነት ቅጹ በችኮላ ቀርቦ «እዚህ ላይ ፈርም» ሲባል፣ ታካሚው ፊርማውን «ብሞት ማንም አይጠየቅ» እንደሚል ቃል ሊረዳው ይችላል። «ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ምንም እንዳትቀምስ» የሚባለው ሰው ተራው ከሰዓት በኋላ ከሆነ ቀኑን በጥም ያሳልፋል። የተለየ ችግር ለሌለበት ታካሚ ግን የታወቁት ዓለም አቀፍ መመሪያዎች ቀላል ምግብ እስከ 6 ሰዓት፣ ንጹሕ ውኃ እስከ 2 ሰዓት ሲቀረው ይፈቅዳሉ። በዚህ ላይ ማተቡን እንዲያወልቅ ያለ ማብራሪያ የታዘዘ ሽማግሌ ይታከልበት። የብረት መስቀሉን አውርዶ ለአስታማሚ ማስረከብ ወይም ክሩን ከሥራው ቦታ አርቆ መሸፈን በሚቻልበት ጊዜ ክሩን መቁረጥ አያስፈልግም። ለታካሚው ማተብ ጌጥ አይደለም፤ በዚያች ሰዓት ማንነቱንና ተስፋውን የያዘበት ምልክት ነው።

የሠራው ማስረጃ

ውይይት ይጠቅማል የሚለው አሳብ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1964 በቦስተን ማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል በታተመ ጥናት፣ የሆድ ቀዶ ሕክምና የሚደረግላቸው 97 ታካሚዎች በሁለት ተከፍለው ነበር። ለአንደኛው ቡድን ሰመመን ሰጪው ከኋላ የሚመጣው ሕመም የት እንደሚሰማ፣ ምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ፣ እንዴት ዘና ብሎና እንዴት ተገላብጦ እንደሚቻል ነገራቸው፤ አስተማራቸው። ቀዳጅ ሐኪሞቹ ማን በየትኛው ቡድን እንዳለ አያውቁም ነበር። የተነገራቸው ታካሚዎች የወሰዱት ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ በግማሽ ያህል ቀነሰ፤ በአማካይም ከ2 ቀን በላይ ቀድመው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ልብ ሊባል የሚገባው ሰመመን ሰጪው «አይዞህ፤ ምንም አያምህም» አለማለቱ ነው። ያማል አለ፤ ከዚያም መውጫውን አሳየ።

ክኒን ይህን ይተካ ይሆን? እ.ኤ.አ. በ2015 በፈረንሳይ ከ1,000 በላይ ታካሚዎችን ያካተተ ጥናት ከቀዶ ሕክምና በፊት የሚያረጋጋ መድኃኒት በልማድ መስጠት የታካሚውን እርካታ እንዳላሻሻለ፣ መንቃትንም እንዳዘገየ አሳይቷል። መድኃኒቱ ለሚያስፈልገው ይሰጥ፤ ግን የንግግር ምትክ አይደለም።

«ጊዜ የለንም» የሚለው መቃወሚያ ግን ክብደት አለው። ባለሙያው ጥቂት፣ ወረፋው ረጅም ነው። ነገር ግን አንድ ቀዶ ሕክምና በጠዋት ሲሰረዝ የሚባክነው የባለሙያና የክፍል ጊዜ ከ15 ደቂቃ ውይይት እጅግ ይበልጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ባለ19 ነጥብ የቀዶ ሕክምና ደኅንነት ማረጋገጫ ዝርዝር የታካሚውን ማንነት፣ የሚሠራበትን ቦታና ፈቃዱን ይጠይቃል። መረዳቱንና መፍራቱን ግን አይጠይቅም። ሃያኛዋ ጥያቄ በእኛ ልትጨመር ይገባል።

ውይይቱ እንዴት ይሁን?

ከውጭ የመጣው ልምድ እንዳለ ሊገለበጥ አይችልም። በእኛ ዘንድ ቤተ ዘመድ የበሽታውን ስም ከታካሚው መሰወሩ የተለመደ ነው፤ የሚደረገውም በክፋት ሳይሆን በርኅራኄ ነው። መርዶ እንኳ በሰዓቱ፣ በሽማግሌና በወዳጅ ፊት እንጂ በድንገት አይነገርም። ስለዚህ ባለሙያው አስቀድሞ ታካሚውን መጠየቅ አለበት፦ «እርስዎ ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ? ማንስ አብሮዎት ይስማ?» እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የአምስተርዳም የጭንቀትና የመረጃ ፍላጎት መመዘኛ ለዚህ የተመቸ ነው። ከስድስቱ ጥያቄዎቹ አራቱ ፍርሃትን፣ ሁለቱ የማወቅ ፍላጎትን ይለካሉ። ፊደል ላልቆጠረ ታካሚ 20 ጥያቄ ካለው የስፒልበርገር መመዘኛ ይልቅ በቃል ለመጠየቅ ይቀላል።

የውይይቱ ፍሬ ነገር ጥቂት ነው። ሰመመን ሰጪው ሥራው እስኪያልቅ ከአጠገቡ እንደማይለይ፣ ሲነቃ ጉሮሮው ሊከረክረውና ሊጠማው እንደሚችል፣ ሲያመው ለማን እንደሚናገር፣ ምግብና ውኃ በስንት ሰዓት እንደሚያቆም፣ ቤተሰቡ የት እንደሚጠብቅና ማን ወጥቶ እንደሚነግራቸው ይገለጽለት። የንስሐ አባቱን ማግኘት ለሚፈልግ፣ ዱዓ ማድረግ ለሚፈልግ ጊዜ ይሰጠው። ቀጠሮው የሚተላለፍ ከሆነም ከመንገዱ በፊት በስልክ ይነገረው። «አንተ» መባል የማይገባው አባት «እርስዎ» ይባል። ይህ ሁሉ በጀት አይጠይቅም፤ ኃላፊ ይጠይቃል።

ለተመራማሪዎች የቀረበ ጥሪ

በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ፣ በስመ ጥሩው ቀዳጅ ሐኪም በፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ስም በሚጠራው የጤና ሳይንስ ካምፓስ ለመመረቂያ የሚመረጥ ርእስ ከእንግዲህ «ስንቱ ተጨነቀ?» ሳይሆን «ምን ቢደረግ ጭንቀቱ ይቀላል?» ሊሆን ይገባል። መመዘኛው በአካባቢው አማርኛ ይፈተሽ። ውይይቱን የሚያገኙት ታካሚዎች በዕጣ ሲለዩ ግን ዕጣው በሰው ሳይሆን በሳምንት ይውጣ። በአንድ ክፍል ጎን ለጎን የተኙ ሰዎች የሰሙትን ይነጋገራሉና፣ በግለሰብ የተከፈለ ጥናት ልዩነቱን ያደበዝዘዋል። የሚለካውም የጭንቀት ነጥብ ብቻ አይሁን። የጠዋት የደም ግፊት፣ የተሰረዘ ቀዶ ሕክምና፣ የሕመም ማስታገሻ መጠንና የአልጋ ቀን ይመዝገቡ። የሆስፒታል አስተዳደርን የሚያሳምኑት እነዚህ ናቸው።

እስከዚያው ግን ውጤቱን መጠበቅ አያስፈልግም። ነገ ጠዋት ለሚቀደድ ሰው ዛሬ ማታ አጠገቡ ተቀምጦ ስለሚደረግለት ነገር በሚገባው ቋንቋ መንገር፣ ጥናት ኖረም አልኖረም፣ የሐኪም ግዴታ ነው።