የተማሪዎች ዲን፦ ባለሙያ ወይስ የግቢ ዘበኛ?

ስለ ኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች በተወራ ቁጥር ክርክራችን በሦስት ጥያቄዎች ዙሪያ ይሽከረከራል። ስንት ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ? ስንት ተማሪ ፈተና አለፈ? ፕሬዚዳንቱን ማን ሾመው? ሦስቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። እምብዛም የማይነሳ አራተኛ ጥያቄ ግን አለ። ከወላጆቹ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቆ የተመደበ የ18 ዓመት ልጅ ከክፍል ከወጣ በኋላ የማን ነው? ሲታመም፣ ሲከሰስ፣ በብሄሩ ምክንያት ዶርሙ በር ላይ ሲጠበቅ፣ አቤት የሚለው ለማን ነው?

በወረቀት ላይ መልሱ ይታወቃል፦ ለተማሪዎች ዲን። በተግባር ግን ይህ ቢሮ በአገራችን መኝታ የሚያድል፣ ካፌ የሚቆጣጠርና መታወቂያ የሚነጥቅ፣ ግርግር ሲነሳም ስም ዝርዝር የሚያቀብል ተደርጎ ኖሯል። የዚህ ጽሁፍ ዓላማ ሥራው ራሱን የቻለ ሙያ መሆኑን ማሳየት፣ በስደት ያለን ኢትዮጵያውያንም ለዚህ ሙያ ምን ማድረግ እንደምንችል መጠቆም ነው።

ከስድስት ኪሎ እስከ ደምቢ ዶሎ

ታሪኩ ረጅም ነው። በታህሳስ 1962 ዓ.ም የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ማህበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው በተገደለ ማግስት ወታደር ስድስት ኪሎ ግቢ ገብቶ የተማሪ ደም አፈሰሰ። ደርግ መጣ፤ ተማሪውን መጀመሪያ ወደ ዘመቻ፣ ቀጥሎም ወደ እስር ቤትና ወደ መቃብር ሰደደው። ኢህአዴግ በ1985 ዓ.ም 42 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህራንን አባረረ።

በሚያዝያ 1993 ዓ.ም የሆነው ደግሞ ለያዝነው ጉዳይ ዋናው ማስረጃ ነው። ተማሪዎቹ የጠየቁት የታጠቀ ጥበቃ ከግቢያቸው እንዲወጣ፣ ማህበራቸውና ጋዜጣቸው እንዲፈቀድላቸው፣ ለመንግሥት ያደሩ ሁለት የአስተዳደር ኃላፊዎችም እንዲነሱላቸው ነበር። ልብ በሉ! ሥራውን የሚያውቅ፣ በተማሪውም የሚታመን ዲን ቢኖር ኖሮ እነዚህ ጥያቄዎች በጠረጴዛ ዙሪያ ውይይት ሊጀመርባቸው የሚችሉ ነበሩ። መልሱ ግን ጥይት ሆነ፤ ረብሻው ወደ ከተማው ተዛምቶ ከ30 በላይ ሰዎች ተገደሉ።

መንግሥት ተለወጠ፤ ችግሩ ግን መልኩን ቀይሮ ቀጠለ። በ2012 ዓ.ም በወልዲያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተገደሉ። በዚያው ዓመት የደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ግቢውን ለቀው ወደየቤታቸው ሲጓዙ ታገቱ። ወላጆቻቸው የልጆቻቸውን ወሬ ፍለጋ ከቢሮ ቢሮ ተንከራተቱ። ተማሪን ተቀብሎ ያስመዘገበ ተቋም ተማሪው ሲጠፋ ለወላጅ መልስ የሚሰጥ አንድ ኃላፊ እንኳ ሊኖረው አይገባም ነበርን?

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። በ1993 ዓ.ም ስለ ሰብዓዊ መብትና ስለ አካዳሚያዊ ነጻነት ለተማሪዎች በመናገራቸው ከፕሮፌሰር መስፍን ወልደማርያም ጋር የታሰሩት ዶ/ር ብርሃኑ ነጋ በ2014 ዓ.ም የትምህርት ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ። በእሳቸው ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና ጠበቀ፤ በ2014ቱ ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። በ2015 ዓ.ም የመውጫ ፈተና ተጀመረ። ኩረጃን መዋጋት የሚያስመሰግን ነው። ሆኖም ከተፈታኞቹ እጅግ የሚበዛው በወደቀበት አገር፣ የሬሜዲያል ተማሪው ግቢ ሲገባ የሚያማክረው የሰለጠነ ሰው ማግኘቱ የፈተናውን ያህል አሳሳቢ ሆኖ አልታየም።

ሌላው አገር ሙያውን እንዴት አቆመው?

በአሜሪካ ይህ ሥራ መቶ ዓመት ያለፈው ሙያ ነው። በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ቲቸርስ ኮሌጅ ሴት ተማሪዎችን የሚመሩ ዲኖችን በማስትሬት ደረጃ ማሰልጠን የተጀመረው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ዋዜማ ጀምሮ ነው። እ.ኤ.አ በ1937 የአሜሪካ የትምህርት ምክር ቤት ባወጣው ሰነድ ዩኒቨርሲቲ ኃላፊነቱ ለተማሪው አእምሮ ብቻ ሳይሆን ለመላ ሰውነቱ መሆኑ ሰፈረ።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን በተማሪዎች ትግል ነው። እ.ኤ.አ በ1960 በሞንትጎመሪ ከተማ የአላባማ ስቴት ኮሌጅ ጥቁር ተማሪዎች ለነጭ ብቻ በተከለለ ምግብ ቤት አስተናግዱን ብለው በመቀመጣቸው ክስ ሳይነገራቸው፣ መከላከያቸውም ሳይሰማ ተባረሩ። በተከታዩ ዓመት የፌደራል ይግባኝ ፍርድ ቤት የመንግሥት ኮሌጅ ተማሪን ከማባረሩ በፊት ክሱን ሊያሳውቀውና ሊሰማው ይገባል ሲል ፈረደ። ከዚያ በኋላ የዲኑ ቢሮ በሥርዓትና በማስረጃ መሥራት ግድ ሆነበት።

አሜሪካ ንጹህ ናት ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ በ1970 በኬንት ስቴት ዩኒቨርሲቲ የብሔራዊ ዘብ ወታደሮች 4 ተማሪዎች ገድለዋል፤ በ2024 የጋዛን ጦርነት የተቃወሙ ተማሪዎችም በየግቢው በፖሊስ ታፍሰዋል። ልዩነቱ የተበደለ ተማሪ የሚጠቅሰው ሕግና የሚከሰው ተቋም መኖሩ ነው።

እኛስ?

እኛ ስደተኞች ለልጆቻችን የምናውቀው ሙያ ሐኪም፣ ነርስ፣ ፋርማሲስትና ኢንጂነር ነው። በከፍተኛ ትምህርት አስተዳደርና በተማሪዎች ጉዳይ ማስትሬት መያዝ እንደሚቻል የሚያውቅ ወላጅ ጥቂት ነው። ብዙ ወገኖቻችን ባሉባት ሜሪላንድ፣ ኮሌጅ ፓርክ የሚገኘው ዩኒቨርሲቲ ጭምር ይህን ያስተምራል። ትምህርቱ ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓመት ነው፤ በማንኛውም የትምህርት ዓይነት የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ሊያመለክት ይችላል። የተመረቀ ሰው በተማሪዎች ምክር፣ በዶርም አስተዳደር፣ በውጭ አገር ተማሪዎች ጉዳይ ወይም በዲሲፕሊን ክፍል ይቀጠራል፤ ከፍ ወዳሉት ኃላፊነቶች ለመድረስ ደግሞ ዶክትሬት ይረዳል።

ማር ብቻ ነው ብዬ አላታልላችሁም። የመነሻ ደመወዙ ከኢንጂነር ጋር አይወዳደርም። እ.ኤ.አ በ2025 የወጣው ሕግ ከጁላይ 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪዎች ግራድ ፕላስ የተባለውን ብድር አስቀርቷል፤ ለማስትሬት የሚሰጠውንም የፌደራል ብድር በዓመት 20,500 ዶላር ወስኖታል። ስለዚህ በዩኒቨርሲቲው ውስጥ እየሠሩ የትምህርት ክፍያ የሚቀነስበትን ረዳትነት ሳይዙ መግባት ዕዳ መሸከም ነው። ቴክሳስን በመሳሰሉ ግዛቶችም ለአናሳ ተማሪዎች የቆሙ ቢሮዎች በሕግ ተዘግተዋል።

ለአገር ቤት ግን ሦስት ነገር ከወዲሁ መጠየቅ እንችላለን። አንደኛ፣ የተማሪዎች ዲንነት ከፓርቲ ሹመት ወጥቶ በሙያ ውድድር ይያዝ። ሁለተኛ፣ በትምህርት አስተዳደር ማስትሬት የሚሰጡ ዩኒቨርሲቲዎች የተማሪ ምክርንና የግጭት አፈታትን አካትተው ዲኑንም ፕሮክተሩንም ያሰልጥኑ። ሦስተኛ፣ ማንም ተማሪ ሳይሰማ አይባረር፤ ስሙም ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ ለጸጥታ ኃይል አይሰጥ። ሙያውን እዚህ የተማሩ ወገኖቻችን ሥልጠናውን በኢንተርኔት ለመስጠት የመንግሥት ለውጥ መጠበቅ አያስፈልጋቸውም።

ዩኒቨርሲቲ በሕንጻ ብዛት አይለካም። እናት ልጇን ባቡርም ሆነ አውቶቡስ ላይ ስታሳፍር “ለማን ነው የምሰጠው?” ብላ መጠየቅ መብቷ ነው። የሚመልስላት ሰው እስኪኖር ድረስ ጥያቄዋን አብረን እንጠይቅ።

ቸር ይግጠመን።