ደም ግፊቷ ከንዴት አይደለም

እኛ አገር ደም ግፊት የንዴት በሽታ ነው። ሐኪም ምንም ይበል፣ እኛ ፈርደን ጨርሰናል። እርጉዝ ሴት ግፊቷ ጨመረ ሲባል ደግሞ ፍርዱ ይከፋል። «ተበሳጭታ ነው»፣ «ሐሳብ ታበዛለች»፣ «ጨው ላይ አትቻልም»፣ «ከባሏ ጋር አልተስማሙም መሰለኝ»... ልጁ ሞቶ ሊያጽናና የመጣው ሰው እንኳን ጥፋቱን እዚያው አልጋ ላይ ለተኛችው ሴት አሸክሞ፣ ቡናውን ጠጥቶ ይሄዳል። ይህ ፍርድ ስህተት ነው፤ ስህተቱም ሰው ይገድላል።

ዋናው ተጠርጣሪ ሌላ ነው። እንግዴ ልጅ ይባላል።

«እትብቴ የተቀበረበት» እያልን ስንት ግጥም የጻፍን ሰዎች እንግዴ ልጁን ዞር ብለን አይተነው አናውቅም። ከልጁ ኋላ ይወጣል፣ አዋላጇ ሙሉ መሆኑን አይታ ጤና ጣቢያው ጓሮ ወደተቆፈረለት ጉድጓድ ትልከዋለች፤ በቃ። ግማሽ ኪሎ ገደማ የሚመዝን፣ ዘጠኝ ወር ሙሉ ለልጁ ሳንባም ኩላሊትም መሶብም ሆኖ የኖረ አካል ነው እንዲህ ያለ ስንብት የሚሸኘው።

ሥራውን የሚጀምረው ገና በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው። የእንግዴ ልጁ ሴሎች ወደ ማሕፀን ግድግዳ ዘልቀው ይገቡና እዚያ ያሉትን ጠመዝማዛ የደም ቧንቧዎች ጡንቻቸውን እያፈረሱ ያሰፏቸዋል። መስኖ የቆፈረ ሰው ይገባዋል፤ ጠባቧ ቦይ ስትሰፋ ውኃው በብዛት፣ ግን ረጋ ብሎ ይወርዳል። ፕሪኤክላምፕሲያ በሚባለው የእርግዝና ደም ግፊት፣ በተለይ ቀደም ብሎ በሚጀምረው ዓይነት፣ ቁፋሮው መንገድ ላይ ይቋረጣል። ቧንቧዎቹ እንደ ጠበቡ ይቀራሉ። የሚደርሰው ደም ያንሳል፤ የሚመጣውም በጠባብ ቱቦ እንደሚወረወር ውኃ በኃይል ነው። የእንግዴ ልጁ ስስ ቅርንጫፎች ይጎዳሉ፣ ከፊሉ አካል ደም አጥቶ ይሞታል፣ ልጁም ሆድ ውስጥ ይቀጭጫል። አንዳንዴ እንግዴ ልጁ ጊዜው ሳይደርስ ከግድግዳው ይላቀቃል። ያኔ ለእናትም ለልጅም የቀረው ጊዜ በደቂቃ ነው የሚቆጠረው።

የተራበው እንግዴ ልጅ ደግሞ ዝም ብሎ አይራብም። የእናቲቱን የደም ቧንቧ ውስጠኛ ሽፋን የሚጎዱ ፕሮቲኖች ወደ ደሟ ይለቃል። ግፊቱ የሚወጣው፣ ኩላሊቷ ፕሮቲን የሚያፈስሰው፣ ጉበቷ የሚታመመው፣ ሲብስም አንጎሏ ተነክቶ የምትንቀጠቀጠው ከዚህ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ቦስተን ውስጥ አናንት ካሩማንቺና ባልደረቦቻቸው ከእነዚህ ፕሮቲኖች አንዱን በአይጦች ላይ ሞከሩት። አይጦቹ ግፊታቸው ጨመረ፣ ሽንታቸው ላይም ፕሮቲን ታየ። ከባላቸው ጋር የተጣሉ አይጦች አልነበሩም!

ሌላም ማስረጃ አለ። አልፎ አልፎ ፅንስ ሳይኖር የእንግዴ ልጁ ህዋስ ብቻውን እንደ ወይን ዘለላ ያድጋል፤ ሐኪሞች ሞላር እርግዝና ይሉታል። ልጅ በሌለበትም ግፊቱ ሊመጣ ይችላል። እርግጥ አስቀድሞ ደም ግፊት ያለባት ሴት ስታረግዝ ነገሩ ከሌላኛውም ጫፍ ይጀምራል፤ የቆየው ግፊት እንግዴ ልጁን ያስርበዋል። ግን እሷም ብትሆን ለቀስተኛ የሚፈርድባት አይደለችም።

አዲስ አበባ ውስጥ ይህን ሁሉ የማታውቅ ሴትም ቢያንስ ከቤቷ ብዙ ሳትርቅ ሆስፒታል ታገኛለች። (የአልትራሳውንድ ፎቶ የሚለጥፍ ባል ሞልቷል፤ የሚስቱን የደም ግፊት ቁጥር የሚያውቅ ግን አንድ አላጋጠመኝም።) እስኪ ነገሩን መንገዱ አስቸጋሪ ወደሆነበት እንውሰደው፦ ደቡብ ጎንደር፣ ታች ጋይንት፣ አርብ ገበያ። ከተማዋ ስሟን ከገበያ ቀኗ ያገኘች ናት። ዙሪያዋ ሸለቆ ነው፤ ጎረቤቷ ስማዳም እንደዚሁ። መኪና ከማይገባበት ቀበሌ ሴት ስትታመም በቃሬዛ ነው የምትወጣው፤ ከዚያ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ሲከፋ እስከ ደብረ ታቦር። በክልሉ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በተነሳው ጦርነት መንገድ በተዘጋባቸው ቀናትማ ይህም አልነበረም።

የእናቶች ሞት ሲነሳ ባለሥልጣኖቻችን አምቡላንስ ይቆጥራሉ። አምቡላንስ አይናቅም። ግን አስቡት፤ ሴቲቱ በሰባተኛ ወሯ ስትንቀጠቀጥ፣ ቁፋሮው የከሸፈው ከወራት በፊት ነው። አምቡላንሱ ተጠርቶ የሚመጣው ለመጨረሻው ምዕራፍ ነው። የሚያድነው መውለድ፣ ማለትም እንግዴ ልጁን ማውጣት ነው፤ ልጁ ሳይደርስ መውለድ ደግሞ የራሱን መከራ ይዞ ይመጣል። ከወሊድ በኋላም ቢሆን ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት አደጋው አይለቅም።

ቀድሞ ሊሠራ የሚችል ነገር ግን አለ። ለአደጋው ቅርብ ለሆኑ ሴቶች፣ ለምሳሌ ባለፈው እርግዝናቸው ለታመሙ፣ መንታ ላረገዙ፣ ነባር ግፊት ወይም ስኳር ላለባቸው፣ በየቀኑ የሚወሰድ አነስተኛ መጠን ያለው አስፕሪን አደጋውን ይቀንሳል፤ የሚታዘዘው በሐኪም ነው። የምግባቸው ካልሲየም ትንሽ ለሆነ እናቶች የዓለም ጤና ድርጅት የካልሲየም ክኒን ይመክራል፤ ጋይንትና ስማዳ ደግሞ ለዓመታት የሴፍቲኔት ስንዴ የጠበቁ አገሮች ናቸው። ችግሩ አስፕሪኑ ከአሥራ ስድስተኛው ሳምንት በፊት ቢጀመር ይመረጣል። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ክትትል የጀመሩት እናቶች 28 በመቶ ብቻ ናቸው። ሌሎቹ ሲመጡ የአስፕሪኑ ዋና ጊዜ እያለፈ ነው።

ለምን ይዘገያሉ? መንገዱ አንድ ነገር ነው። ሌላው ግን እርግዝና ሳይገፋ አይወራም። ዓይን አለ፣ ቡዳ አለ፣ ሾተላይ አለ። አያቶቻችን ሕፃናት ገዳይዋን ወርዘልያን የሚያባርር የሱስንዮስ ጸሎት በብራና አስጽፈው ያንጠለጠሉት ሥራ ፈትተው አልነበረም፤ ልጅ እየሞተባቸው ነው። ይህን ፍርሃት በስብሰባ ተቆጥተን አናጠፋውም። ፊቷ ሲያብጥ «እርግዝናው ተስማማት» የሚለው ጎረቤትም በክፋት አይደለም የሚናገረው። የማይለቅ ራስ ምታት፣ ዓይን ብዥ ማለት፣ ከጎድን በታች በቀኝ በኩል ሕመም ሲጨመርበት ግን ጠበሉም ይጠበቅ፣ ጤና ጣቢያው ይቅደም።

እኔ የምለው ይህ ነው። እርጉዟ ወደ ጤና ጣቢያ ባትመጣም ወደ ገበያ ትመጣለች፤ እንቁላሏን ይዛ፣ ቅቤዋን ይዛ፣ ጨው ልትገዛ። መለኪያው እዚያ ይቀመጥ። «እርጉዝ ነሽ ወይ» ተብላ ሳትጠየቅ፣ ወንዱም ሴቱም፣ ሽማግሌውም ኮረዳዋም ይለካ። ምስጢሯ ሳይወጣ ቁጥሯ ይታወቃል፤ ሳታረግዝ ግፊት ያለባትም ቀድማ ትገኛለች። ከ140 በ90 ጀምሮ ያለው ለብቻ ተጠርቶ እንደገና ይለካ፤ ሴት ከሆነች ያኔ በጆሮዋ ትጠየቅ።

መለኪያው ብቻውን ተአምር አይሠራም። እንደ ትራፊክ መብራት አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ የሚያበራ ቀላል መሣሪያ አዲስ አበባን ጨምሮ በስምንት አገሮች ተሞክሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ሲወጣ፣ መሣሪያው በራሱ ሞትንና መንቀጥቀጥን መቀነሱ በግልጽ አልታየም። ቀይ የበራባት ሴት ከዚያ ወዴት ትሂድ? ማግኒዥየም ሰልፌት የሚባለው መርፌ መንቀጥቀጥን ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ ከአሥር ሺህ በላይ ሴቶች የተሳተፉበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2002 አሳይቷል። ውድ አይደለም፤ የመጀመሪያው መጠንም ወደ ሆስፒታል ከመላኳ በፊት ጤና ጣቢያ ውስጥ ሊሰጥ ይችላል። እንግዲህ ወረዳው በየሳምንቱ አርብ ጠዋት፣ ገበያው ሳይሞላ፣ መርፌው መደርደሪያው ላይ መኖሩን ይቁጠር። አምቡላንሱን ከዚያ በኋላ ይቆጥራል።