የኃያላኑ የጠፈር ፉክክር እና የአርሶ አደሩ ደመና

ክረምት ሲቃረብ አርሶ አደሩ ወደ ሰማይ ያንጋጥጣል። የደመናውን አመጣጥና የነፋሱን አቅጣጫ አይቶ የሚዘራበትን ቀን ይቆርጣል። ዛሬ ይህንኑ ደመና ከላይ ወደ ታች የሚመለከቱ ሰው ሠራሽ ዓይኖች አሉ። በሬዲዮና በቴሌቪዥን የሚነገረው የአየር ትንበያም ከእነዚህ ሳተላይቶች በሚገኝ መረጃ ይታገዛል። ሳተላይቶቹ የሚመላለሱበት ጠፈር ግን ሰላም የሰፈነበት ስፍራ አይደለም፤ የዓለም ኃያላን ጉልበታቸውን የሚለካኩበት አደባባይ ሆኗል።

ፉክክሩ የቆየ ነው። እ.አ.አ በ1957 ሶቪየት ኅብረት የመጀመሪያዋን ሳተላይት ስፑትኒክን አመጠቀች። አሜሪካ በበኩሏ በ1969 ሰዎችን ጨረቃ ላይ አሳረፈች። በመካከሉ፣ በ1967፣ የጠፈር ስምምነት ተፈረመ። ስምምነቱ ማንም ሀገር ጠፈርን ወይም ጨረቃን የግዛቱ አካል ማድረግ እንደማይችል ደንግጓል፤ ኑክሌርን ጨምሮ የጅምላ ጨራሽ መሣሪያዎችን በምድር ምሕዋር ላይ ማኖርንም ከልክሏል። ይሁን እንጂ ከምድር በሚተኮስ መደበኛ ሚሳኤል ሳተላይትን መምታትን በግልጽ አልከለከለም። የዛሬው ስጋት የገባው በዚህ ቀዳዳ ነው።

ቻይና በ2007 ያረጀ የራሷን የአየር ጠባይ ሳተላይት ከ800 ኪሎ ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በሚሳኤል መታች። ከምድር ሆኖ መከታተል የሚቻል ከ3 ሺህ በላይ ፍርስራሽ ተበተነ። አሜሪካ በ2008፣ ሕንድ በ2019፣ ሩሲያ ደግሞ በ2021 ተመሳሳይ ተግባር ፈጽመዋል። የሩሲያው ሙከራ ከ1 ሺህ 500 በላይ ስብርባሪ በመበተኑ በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ የነበሩ ጠፈርተኞች፣ ሩሲያውያንን ጨምሮ፣ ወደ መንኮራኩሮቻቸው ገብተው ለመጠለል ተገድደዋል። ተኳሹ ሀገር የገዛ ዜጎቹን ከስጋቱ መለየት አልቻለም።

ኃያላኑ ለምን ይህን ያደርጋሉ? የዘመኑ ጦርነት ያለ ሳተላይት ስለማይታሰብ ነው። ለሾፌሩ መንገድ የሚያሳየው የአቅጣጫ ሥርዓት ሚሳኤልንም ይመራል። አሜሪካ ጂፒኤስን፣ ሩሲያ ግሎናስን፣ ቻይና ቤይዱን፣ አውሮፓ ጋሊሊዮን ለየራሳቸው የገነቡት በሌላው እጅ ላለመውደቅ ነው። ጉዳቱ ግን ተፋላሚዎቹ ላይ ብቻ አይቆምም። በየካቲት 2022 የዩክሬን ጦርነት በተጀመረበት ዕለት በአንድ የሳተላይት ኢንተርኔት አገልግሎት ላይ የሳይበር ጥቃት ተፈጸመ። በዚህም በጦርነቱ ያልገባችው የጀርመን በሺህ የሚቆጠሩ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ከርቀት የሚቆጣጠራቸው ግንኙነት ተቋረጠ።

የአየር ጠባይ ሳተላይቶች በሁለት ይከፈላሉ። አንደኞቹ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው የምድርን አንድ ገጽታ ያለማቋረጥ ይመለከታሉ። ሌሎቹ በጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ከፍታ ከዋልታ ወደ ዋልታ እየዞሩ የሙቀትና የእርጥበት መጠን ይለካሉ። ፍርስራሹ በብዛት የሚገኘው በእነዚህኞቹ መንገድ ላይ ነው። በሰከንድ 7 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚከንፍ የጣት ያህል ብረት አንድን ሳተላይት ከጥቅም ውጭ ሊያደርግ ይችላል፤ የማን ሰንደቅ ዓላማ እንዳለበትም አይለይም። ኢትዮጵያም በታኅሣሥ 2019 ከቻይና ምድር ያመጠቀቻትን፣ ክብደቷ 70 ኪሎ ግራም ገደማ የሆነውን ሳተላይት የላከችው ወደዚሁ ዝቅተኛ ምሕዋር ነበር። ዓላማዋም ለግብርናና ለአካባቢ ጥበቃ የሚውል መረጃ ወደ እንጦጦ ጣቢያ መላክ ነበር።

ችግሩን በሕግ ለመፍታት ሙከራ አልጠፋም። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ በታኅሣሥ 2022 ሀገራት እንዲህ ያለውን አውዳሚ ሙከራ እንዲያቆሙ በ155 ድምፅ ጠይቋል፤ 9 ሀገራት ተቃውመዋል። ውሳኔው ግን አስገዳጅ አይደለም። ሩሲያና ቻይና በጠፈር ላይ መሣሪያ ማሰማራትን የሚከለክል ረቂቅ ውል በ2008 አቅርበው ነበር፤ አሜሪካ አፈጻጸሙን ማረጋገጥ አይቻልም በማለት አልተቀበለችውም። በሚያዝያ 2024 ደግሞ ኑክሌር በጠፈር እንዳይሰማራ አሜሪካና ጃፓን ለፀጥታው ምክር ቤት ያቀረቡትን ረቂቅ ሩሲያ ድምፅን በድምፅ በመሻር መብቷ ጣለችው፤ ቻይናም ድምፀ ተአቅቦ አደረገች። አንዱ የሌላውን ሐሳብ ሲጥል ቀዳዳው እንደ ተከፈተ ቀርቷል።

ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው እንደሚባለው፣ የፉክክሩ ዕዳ ሚሳኤል ባልተኮሱ ሀገራት ላይም ይወድቃል። እነዚህ ሀገራት ግን ድምፅ አልባ አይደሉም። በጠቅላላ ጉባኤው ትንሹም ትልቁም ሀገር እኩል አንድ ድምፅ አለው፤ አፍሪካም በ2025 መቀመጫውን ካይሮ ያደረገ የጠፈር ኤጀንሲዋን በይፋ ሥራ አስጀምራለች። በእነዚህ መድረኮች ሊነሣ የሚገባው ጥያቄ ከኃያላኑ ማን ይቅደም የሚለው አይደለም። የሁሉም የሆነው መንገድ በፍርስራሽ ሳይዘጋ፣ የዝናቡን መምጣት የሚያበሥረው መረጃ ሳይቋረጥ ይቆይ ዘንድ ሁሉንም የሚያስገድድ ሕግ መቼ ይወጣል የሚለው ነው።