የሕፃናት ትኩሳትና የመድኃኒት ልክ

አንባቢ ሆይ፤ ሕፃን በሌሊት በትኩሳት ሲያለቅስ ቤተ ሰብ ሁሉ ይነሣል። አንዱ ጠርሙስ ይፈልጋል፤ ሌላው ማንኪያ ያመጣል። በጠርሙሱ ላይ ያለው ጽሑፍ ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ነውና ጠርሙሱ በመጨረሻ የሚደርሰው በቤቱ ውስጥ ከተማረው ሰው እጅ ነው። ይኸውም ተማሪው ወይም የመሥሪያ ቤት ሠራተኛው እርስዎ ነዎት። እንግዲህ «ስንት ይሰጠው?» ለሚለው ጥያቄ ከወዲሁ መዘጋጀት ይገባል።

ያለ ሐኪም ማዘዣ ከሚሸጡት ዋናው ፓራሲታሞል ነው። በልኩ ሲሰጥ ደግ መድኃኒት ነው፤ ከልኩ ሲያልፍ ግን ጉበትን ይጎዳል። ልኩም የሚወሰነው በልጁ ክብደት ነው። ለእያንዳንዱ ኪሎ በአንድ ጊዜ ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም ይሰጣል። ከ4 ሰዓት በፊት አይደገምም፤ በ24 ሰዓት ውስጥም ከ4 ጊዜ አይበልጥም።

ስሌቱን አብረን እንሥራው። 10 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ከ100 እስከ 150 ሚሊግራም ይበቃዋል። በጠርሙሱ ላይ «በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊግራም» የሚል ቢጻፍ፣ 5 ሚሊ ሊትር ቢሰጡት ልክ ነው። ነገር ግን ለጨቅላዎች በጠብታ የሚሰጥ ሌላ ዓይነት አለ፤ በ1 ሚሊ ሊትር ብቻ 100 ሚሊግራም የሚይዝ ይገኛል። ከዚህኛው 5 ሚሊ ሊትር ቢሰጡት ያው ልጅ 500 ሚሊግራም ዋጠ ማለት ነው። ይህም ከከፍተኛው ልክ ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። ስለዚህ ጽሑፉን ሳያነቡ አይቅዱ።

የወጥ ቤት ማንኪያ መስፈሪያ አይደለም፤ የአንዱ ቤት ከሌላው ቤት ይለያያልና። ከመድኃኒቱ ጋር የመጣውን መስፈሪያ ወይም መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ይጠቀሙ። የጉንፋን ሽሮፕም ብዙ ጊዜ ፓራሲታሞል ስላለበት፣ ሁለቱን አንድ ላይ መስጠት መድኃኒቱን ሳያውቁ መደረብ ነው።

አይቡፕሮፌን ከ6 ወር በታች ለሆነ ሕፃን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሰጥም። ተቅማጥና ትውከት ሰውነቱን ላደረቀው ልጅም ኩላሊቱን ሊጎዳበት ይችላል። አስፕሪን ደግሞ ለልጆች ፈጽሞ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሰጥም። በአውስትራሊያ ዳግላስ ሬይ የተባሉ ሐኪም በአውሮፓ አቆጣጠር በ1963 ዓ.ም. አንጎልንና ጉበትን የሚያጠቃ ብርቱ የልጆች በሽታ ገልጸው ነበር። በኋላም በሽታው አስፕሪን ከመውሰድ ጋር የተያያዘ ሆኖ ተገኘ።

ደግሞም ትኩሳቱ ወረደ ማለት ልጁ ዳነ ማለት አይደለም። ፓራሲታሞል ሙቀትን ያበርዳል እንጂ ወባን ወይም የሳምባ ምችን አያድንም። ወባ ባለበት አገር ትኩሳት የያዘው ልጅ ሳይውል ሳያድር ደሙ ይመርመር። ዕድሜው ከ3 ወር በታች ሆኖ ሙቀቱ 38 ዲግሪ የደረሰ፣ መጥባት እንቢ ያለ፣ ያንቀጠቀጠው፣ አንገቱ የተገተረ ወይም መተንፈስ የቸገረው ሕፃን ወዲያውኑ ወደ ሐኪም ይወሰድ። መድኃኒቱ ከልክ ያለፈበትም እንደዚሁ ነው። የጉበት ጉዳት በመጀመሪያው ቀን ምልክት ላያሳይ ይችላልና «ደኅና ነው» ብለው አይቆዩ፤ ጠርሙሱን ይዘው ይሂዱ። ማርከሻ አለው፤ የሚበጀው ግን ቶሎ ሲሰጥ ነው።

በመጨረሻም አንድ አደራ አለን። በመሥሪያ ቤት ገቢና ወጪ ደብዳቤ እንደሚመዘገብ ሁሉ፣ የሰጡበትን ሰዓትና መጠን በወረቀት ጽፈው ከጠርሙሱ ጋር ያስቀምጡ። እናት ሰጥታ ብትተኛ፣ አባት ሲነቃ ሳያውቅ እንዳይደግምበት። ጠርሙሱንም ልጅ ከማይደርስበት ቦታ ያኑሩት።