«ፎርማት ይደረግ!»

እዚህ ሆሳዕና መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር የቤቴ ኮምፒዩተር «የሲስተም ፋይል ጠፍቷል ወይም ተበላሽቷል» በሚል ጥቁር ገጽ ይቀበለኛል። የጠጋኞቻችን መልስ አንድ ነው፤ «ፎርማት ይደረግ!» ሁለት ጊዜ እሺ አልኩ፤ በሁለተኛው የስድስት ዓመት ግጥሞቼ አብረው ጠፉ።

እኛ ባንክ ቤት ሒሳብ አልገጥም ሲል መዝገብ አንቀድም፤ ልዩነቱን እንፈልጋለን እንጂ። ኮምፒዩተሩ እየጻፈ ሳለ ኃይል ሲቋረጥ ፋይሉ በከፊል ተጽፎ ይቀራል፤ ፎርማት ይህን መንስኤ አያስወግድም። ስለዚህ፣ ወዳጆቼ፣ አስቀድማችሁ ጽሑፋችሁን ወደ ፍላሽ ገልብጡ፤ ከዚያ ዊንዶውስ ራሱ ይዞት የሚመጣው «ቼክዲስክ» ዲስኩን ይፈትሽ፤ «ኤስኤፍሲ» የተበላሸውን የሲስተም ፋይል በደህናው ይተካ።

እኔ ዩፒኤስ ገዝቻለሁ። ከጠፉት ግጥሞች አራቱን በቃሌ ስለማውቃቸው መልሼ ጻፍኳቸው፤ ከአምስተኛው የቀረኝ የመጀመሪያው ስንኝ ብቻ ነው።