«ማን አረደው?» ብለን ጠይቀን ድስቱን እንተወዋለን



ስልካችን ላይ ከሚመላለሱት የምግብ ቪዲዮዎች አንዱ ዓይነት እንዲህ ነው። ቋሊማ ድስት ውስጥ ይደረደራል፤ ሽንኩርት ይከተፍበታል፤ ቢራ ተከፍቶ ይገለበጥበታል። አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ለስለስ ባለ እሳት ከተንተከተከ በኋላ ወጥቶ ፍም ላይ ወይም መጥበሻ ላይ ይገላበጣል። ከጀርመን የሄዱ ሰፋሪዎች በበዙበት በአሜሪካው የዊስከንሰን ግዛት የታወቀ አሠራር ነው። እነሱ የፈለጉትን ይብሉ። እኔን የሚያሳስበኝ የኛ ወንድሞችና እህቶች ይህን አይተው የሚሉት ነው፦ «የበሬ ሥጋ ከሆነና ሙስሊም ካረደው ምን አለበት? አልኮሉ እኮ ሲፈላ ተኖ ያልቃል።»

አምቦ፣ ጉደር፣ ጊንጪ ወይም ጌዶ ለሚኖር ወጣት ቋሊማ ብዙም የሚያጋጥመው ምግብ አይደለም። ነገሩ የሩቅ ሀገር ወሬ ሊመስለው ይችላል። ጥብስ ግን ያውቃል። አዋዜም ያውቃል። በሀገራችን በብዙ ቤት አዋዜ የሚለወሰው በምንድን ነው? በጠጅ፣ በአረቄ ወይም በወይን ጠጅ። በርበሬው፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ ከተዘጋጀ በኋላ ማርጠቢያው እሱ ነው። ጥብስ ላይ ቢራ ጠብ የሚያደርግ ወጥ ቤት አለ። ዶሮ ወጥ ላይ ጠጅ የሚጨምር ቤትም አለ። ለባለቤቶቹ ይህ የቆየ የባልትና ሙያ ነው፤ እኛን ለማሳሳት ያደረጉት አይደለም። ጉደር ራሷ እኮ ስሟ የወይን ጠጅ ጠርሙስ ላይ የተጻፈ ከተማ ናት። የምንኖረው እዚህ መሀል ነው።

በምዕራብ ሸዋ ከተሞች ሙስሊሙ ቁጥሩ ትንሽ ነው። አምቦ ዩኒቨርሲቲ የሚመደብ ልጅ ደግሞ ከጅማ፣ ከባሌ፣ ከአርሲ፣ ከሐረር፣ ከወሎ ይመጣል። ሻንጣውን ሳይፈታ ነባር ተማሪዎችን የሚጠይቃቸው «የሙስሊም ምግብ ቤት የት አለ?» ብሎ ነው። ይህ ጥያቄ ትልቅ ነገር ነው፤ አባቶቻችን ሃይማኖታቸውን ከጠበቁባቸው መንገዶች አንዱ ነው። ችግሩ ጥያቄው በር ላይ ማለቁ ነው። ግድግዳው ላይ ጨረቃና ኮከብ ካየን፣ «የሙስሊም ሥጋ ነው» ከተባልን፣ ቁጭ ብለን እንበላለን። ያ ምልክት የሚነግረን ግን አራጁን ብቻ ነው። አዋዜው ከየት መጣ? ባለቤቱ ራሱ ተዘጋጅቶ ከሚሸጥበት ገዝቶት ከሆነ በምን እንደተለወሰ ላያውቅ ይችላል። ዋናው ጥፋት የሱ አይደለም፤ ጠይቀነው አናውቅም።

አሁን ወደ «ይተናል» እንምጣ። ብዙ ሰው ይህን የሚናገረው በሙሉ ልብ ነው። አልኮል 78 ዲግሪ ላይ ይፈላል፣ ውሃ ደግሞ 100 ላይ፤ ስለዚህ አልኮሉ ቀድሞ ይሄዳል የሚል ሂሳብ ነው። ሁለቱ ከተቀላቀሉ በኋላ ግን እንደዚያ አይለያዩም። በ1992 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት ይህንኑ ምግብ እያበሰለ ለካ፤ የሀገሪቱ የግብርና መሥሪያ ቤትም ቁጥሮቹን ይጠቀምባቸዋል። መጠጡ ምግብ ውስጥ ገብቶ 15 ደቂቃ ሲንተከተክ 40 በመቶ ያህሉ አልኮል ይቀራል። ግማሽ ሰዓት ሲሆን 35፣ አንድ ሰዓት ሲሆን 25፣ ሁለት ሰዓት ተኩል እሳት ላይ ቆይቶ እንኳ 5 በመቶ ያህል አለ። እየፈላ ባለ ነገር ላይ ተጨምሮ ወዲያው ከወረደ ደግሞ የሚቀረው 85 በመቶ ነው። ጥብስ አውጪዎች መጨረሻ ላይ አዋዜውን ጨምረው አንዴ አገላብጠው የሚያወርዱት ወደዚህኛው ይጠጋል። ከጥብሱ ጎን በትንሽ ሳህን የሚቀርበው ማጥቀሻ አዋዜማ እሳት አይቶም አያውቅ። እዚያ ላይ ማን ምን አተነነው?

አንድ ጠርሙስ ቢራ 330 ሚሊ ሊትር ነው፤ 5 በመቶ አልኮል ቢኖረው ወደ 16 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ከአሥራ አምስት ደቂቃ በኋላ ከ6 ሚሊ ሊትር በላይ ድስቱ ውስጥ አለ ማለት ነው። እርግጥ ቋሊማው ሁሉንም አይመጥም፤ ማንም በልቶት አይሰክርም። ይህን ሳልደብቅ የምናገረው ክርክራችን በስካር ላይ ስላልቆመ ነው።

አላህ በሱረቱል ማኢዳህ ስለ ኸምር ሲናገር እንድንርቀው ነው ያዘዘን። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ብዙው የሚያሰክር ነገር ጥቂቱም ሐራም መሆኑን ነግረውናል። ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) ሚንበር ላይ ቆመው ኸምር ከምን ከምን ይሠራ እንደነበር ሲዘረዝሩ ከአምስቱ መካከል ማርንና ገብስን ጠርተዋል። ይህን የሀገራችን ሰው በጥሞና ቢሰማው ደስ ይለኛል። ማሩ ጠጅ ነው፤ ገብሱ ጠላና ቢራ ነው። ሆለታ የእርሻ ምርምሩ ገብስ ላይ የሚሠራበት፣ ደጋው ሁሉ የብቅል ገብስ የሚዘራበት አካባቢ ለምንኖር ለእኛ ሩቅ ንግግር አይደለም።

የአቡ ጦልሐ ታሪክም አለ። የቲሞች የወረሱት ኸምር እጃቸው ላይ ነበርና ወደ ኮምጣጤ ልለውጠው ወይ ብለው ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ጠየቁ። እንዲደፉት ታዘዙ። የየቲም ገንዘብ በእስልምና ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው የዚህን ትእዛዝ ክብደት ይረዳል። የየቲም ንብረት ሆኖ እንኳ ካልተረፈ፣ ለቋሊማ ጣዕም ተብሎ የሚተርፍበት ምክንያት አይታየኝም። ደግሞም ቢራው ወደ ድስቱ በራሱ አልመጣም፤ አንድ ሰው ሄዶ ገዝቶታል፣ ተሸክሞታል፣ ቀድቶታል። ከኸምር ጋር ተያይዘው የተረገሙት አሥሩ ውስጥ ገዢውም ተሸካሚውም አሉ። በሀገራችን በስፋት በምንከተለው የሻፊዒይ መዝሀብ ኸምር ነጃሳም ነው፤ የነካውን ምግብ ይነጅሳል። በራሱ ጊዜ ወደ ኮምጣጤ የተለወጠው ግን ሐላል ነው፤ በዚህ ላይ የዑለማዎች ልዩነት የለም። ሰው አስቦ በለወጠው ላይ ነው መዝሀቦቹ የሚለያዩት። ማፍላት ግን መለወጥ አይደለም። ወሏሁ አዕለም።

«እንጀራውስ? እርሾም እኮ አልኮል አለው» የሚል ጎበዝ አይጠፋም። ሊጥ ሲቦካ ጥቂት አልኮል መፈጠሩ እውነት ነው። ግን ሰው የፈለገውን ያህል እንጀራ ቢበላ ይጠግባል እንጂ አይሰክርም። ብዙው የማያሰክር ነገር ኸምር አልተባለም። ቢራ ሁለት ጠርሙስ ጠጥቶ የሚሆነውን ደግሞ ቅዳሜ ማታ የአምቦን መንገድ አይቶ መረዳት ይቻላል።

ከክርስቲያን ጓደኞቻችን ጋር ስንበላስ? አቡ ሠዕለባህ አል-ኹሸኒይ (ረ.ዐ) የኛን ጥያቄ ከ1400 ዓመት በፊት ጠይቀውታል። ጎረቤቶቻችን አህለል ኪታብ ናቸው፤ በድስታቸው አሳማ ያበስላሉ፣ በዕቃቸው ኸምር ይጠጣሉ አሉ። የተሰጣቸው መልስ ሌላ ዕቃ ካገኙ በዚያ እንዲበሉ፣ ካላገኙ አጥበው እንዲጠቀሙበት ነው። ከጎረቤት ጋር መራራቅም መኳረፍም የለበትም። በግቢው የምትኖር ተማሪ ዶርም ውስጥ የጓደኛዋን መጥበሻ ብትዋስ አጥባ ትሥራበት። ተጋብዛ ከሄደች ደግሞ «አዋዜው ጠጅ አለው?» ብላ ቀድማ በፈገግታ መጠየቅ ትችላለች። የኛ ሀገር እናቶች እንኳን ተጠይቀው ሳይጠየቁም ለሙስሊም እንግዳ ለብቻ የሚሠሩ ናቸው። የሚያስከፋቸው ዝም ብሎ ሳይቀምሱ ሳህኑን መግፋት ነው።

ምግብ ቤት ለከፈታችሁ ወንድሞችና እህቶች ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። አዋዜያችሁን ራሳችሁ ለውሱት። በፈላ ውሃና በሎሚ፣ ወይም በኮምጣጤ፣ ትንሽ ዘይት ጠብ አድርጋችሁ። ከዚያ ከጨረቃዋ ሥር «አዋዜያችን ከመጠጥ ነፃ ነው» ብላችሁ ጻፉ። ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምት የሚያልፈው ሙስሊም መንገደኛ የት ቆሞ እንደሚበላ ያኔ ያውቃል፤ ገበያውም የእናንተ ነው።

ቋሊማውን መሞከር ለሚፈልግም መንገድ አለ። መጀመሪያ ሽፋኑን ጠይቁ፤ ውጭ ሀገር የዶሮ ቋሊማ እንኳ በአሳማ አንጀት የሚጠቀለልበት ጊዜ አለ። ቀድሞ መንተክተኩ የሚጠቅመው ጥሬ ቋሊማ ኃይለኛ እሳት ላይ በቀጥታ ከወጣ ቆዳው ፈንድቶ ውጩ ሲያር ውስጡ ጥሬ ስለሚቀር ነው። ውሃው ሳይንፈቀፈቅ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ላይ ቢቆይ ውስጡ ቀስ ብሎ ይበስላል፤ የተፈጨ ሥጋ መሀሉ 71 ዲግሪ መድረስ አለበት። ይህን ሥራ የሚሠራው ሙቅ ፈሳሹ ነው። ቢራው የሚጨምረው ትንሽ ምሬትና የብቅል ሽታ ብቻ ነው።

ፈሳሽ ከተባለ ደግሞ አምቦ ተቀምጠን ምን አጣን? ከ1930 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከሰንከሌ በጠርሙስ እየወጣ ሀገር ያዳረሰው ውሃ በራችን ላይ አለ። ሲሞቅ ጋዙ ይወጣል፤ ማዕድኑ ይቀራል። ከማዕድኑ አንዱ ባይካርቦኔት ነው፤ ቤኪንግ ሶዳ ውስጥ ያለው እሱው ነው። እንደ ሶዳው ባይበረታም ሥጋ እርጥበቱን እንዳይለቅ ያግዛል። ሽንኩርት በደንብ ክተፉበት፤ ነጭ ሽንኩርት፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ትንሽ ሰናፍጭ ጨምሩ። ጨው ግን ቀንሱ፤ ውሃውም ቋሊማውም የራሳቸው አላቸው። ሲበስል አውጥታችሁ ውሃውን አድርቁትና ፍም ላይ አገላብጡት፤ እርጥብ ሆኖ ከወጣ ቡኒ አይልም።