መስኮቱ ይጠገን ወይስ ይለወጥ?



ክረምት ሲገባ በአዲስ አበባ ብዙ ቤቶች ውስጥ የሚሰማው ስሞታ አንድ ነው፤ በመስኮቱ ውኃ ገባ! ጨርቅ ይወተፋል፣ ፌስታል ይለጠፋል፣ ዝናቡ ሲያባራ ነገሩ ይረሳል። እኛም ለዓመታት ያደረግነው ይህንኑ ነበር።

የሳሎናችን የብረት መስኮት በግራ በኩል ታችኛው ጥግ ላይ መስታወቱ ተሰነጠቀ። ኳስ ይሆናል ብለን ልጆቹን ተቆጣንና አስለወጥነው። ዓመት ሳይሞላው እዚያው ቦታ ተሰነጠቀ፤ ልጆቹን ደግመን ተቆጣን። ለሦስተኛ ጊዜ ሲሰነጠቅ ግን ልጆቹ ለዕረፍት ወሎ፣ አያታቸው ዘንድ ነበሩ። (አውፍ በሉን ብለናቸዋል።) የመጣው ባለሙያ የድሮውን ስቱኮ በመሮ ፈንቅሎ አሳየን። ብረቱ ከሥር በዝገት አብጦ እንደ ዛፍ ቅርፊት ተላልጧል። ብረት ሲዝግ ዝገቱ ከቀድሞው ብረት ብዙ እጥፍ ቦታ ይይዛል፤ መሄጃ ሲያጣ መስታወቱን ይገፋዋል። መስታወት ማንም ሳይነካው በአንድ ጥግ ደጋግሞ ከተሰነጠቀ እንግዲህ መመርመር ያለበት መስታወቱ ሳይሆን ክፈፉ ነው።

ዝገት ያየ ሁሉ አዲስ መስኮት ይግዛ ማለታችን አይደለም። ዝገቱ በሽቦ ብሩሽ ሲፋቅ ከሥሩ ጠንካራ ብረት ከወጣ፣ የጸረ ዝገት ቀለም ተቀብቶ ገና ብዙ ያገለግላል። በካቻቢቴ ጫፍ ሲጫኑት የሚበሳና የሚፈረፈር ከሆነ ግን ብየዳ እንኳ የሚይዝበት ቦታ የለውም። የእንጨት መስኮትም እንደዚሁ በሚስማር ይወጋ፤ ሚስማሩ በቀላሉ ዘልቆ ከገባ እንጨቱ በስብሷል። የስቱኮ መሰንጠቅ ብቻውን አያስደንግጣችሁ። የተለመደው ስቱኮ ከጠመኔ ዱቄትና ከተልባ ዘይት የሚሠራ በመሆኑ ከጊዜ ብዛት መድረቁ አይቀርም፤ ፈንቅሎ በአዲስ መተካት ቀላል ሥራ ነው። ንፋስ በየት እንደሚገባ ለማወቅ ደግሞ ነፋሻ በሆነ ቀን የቡኹሩን ማጨሻ በተዘጋው መስኮት ዙሪያ ቀስ ብሎ ማዞር ይበቃል፤ ጢሱ የሚዋልልበት ቦታ ክፍተት አለ። ከመስኮቱ ሥር ያለው ግድግዳ የሚርስ ከሆነ በመጀመሪያ ወጥታችሁ የውጭውን ደፍ እዩት። ወደ ውጭ መሆን የሚገባው ተዳፋት ወደ ቤት ያዘነበለ ከሆነ አዲስ መስኮትም ውኃውን አያስቀርም።

ከሁሉ ይበልጥ ያስደነገጠን ግን የመኝታ ክፍሉ መስኮት ነው። ማጠፊያው ላልቶ አልገጥም ስላለ በሚስማር ቸንክረነው ነበር። አንድ የሐምሌ ማታ ብርዱ ሲበረታ ከቡናው የተረፈውን ፍም ከነምድጃው ወደዚያ ክፍል አስገባነው፤ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ስንተኛ በቤታችን እሳት እንዳንተው ያዘዙትን ዘንግተን። ሌሊት እናታችን ራሷን ይዛ፣ እያስመለሳት ነቃች። በመንቃቷ አልሐምዱሊላህ! ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ሊሞት ይችላል። መስኮት ገርበብ ማድረግም አስተማማኝ መከላከያ ስላልሆነ ፍም ወደ መኝታ ክፍል ፈጽሞ አይግባ። በዚያን ሌሊት መስኮቱን ለመክፈት ስንታገል የገባን ነገር አለ፤ የማይዘጋ መስኮት ብቻ ሳይሆን የማይከፈትም መስኮት ብልሽት ነው። እሳት ቢነሳስ በየት ይወጣ ነበር?

የሚገርመው፣ ይኸው መስኮት ሲመረመር ክፈፉ ጤነኛ ሆኖ ተገኘ። በያጁ ሁለት አዲስ ማጠፊያ በይዶለት አሁን በአንድ እጅ ይከፈታል። የተለወጠው የሳሎኑ ነው። አልሙኒየም እንደ ብረት ስለማይዝግ እሱን መረጥን። ባለሙያው ተንሸራታች ይሁን ቢለንም አልተስማማንም፤ ባለ ሁለት ክንፉ ተንሸራታች የሚከፈተው እኩሌታው ብቻ ነው፣ እኛ ደግሞ ቡና የምናፈላው እዚያው ሳሎን ነው። አሮጌውን ክፈፍ ቁራሌው ወሰደው። የቀሩትን ሁለት መስኮቶች ፍቀን ቀለም የምንቀባቸው ዝናቡ አልፎ ብረቱ በደንብ ሲደርቅ፣ በጥቅምት ነው።